የገዳዩን ስም የሸፈነው ማኅተም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ድሬ ዳዋ

ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም በደንብ አልነገርኩትም። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማይሆንልኝ ነው የምጽፈው።

ለተከበሩ አቶ ሣህሉ፣
የሰፈራችን የሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? ከማዕዘኑ ወንበር ሆኜ ሲነሡና ሲቀመጡ ስለማይ ነው የምጠይቀው። የአዳራሹ ብቸኛ ቬንትሌተርም ወደ እርስዎ እንደዞረ ይቆይልዎ፤ እኛ አንባቢዎቹ ላቡን ለምደነዋል።

እኔ ሱሀይራ ኻሊፍ እባላለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ታይዋን ገበያ እናቴ ሱቅ ውስጥ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ሱቃችን እንደ ከተማው ሁሉ ለቀን ዕረፍት በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ ሮጬ እርስዎ ዘንድ ስደርስ ስድስት ከአሥር ይሆናል፤ እርስዎ ደግሞ በስድስት ተኩል ደወልዎን ይደውላሉ። ስለዚህ እኔ በቀን የሃያ ደቂቃ አንባቢ ነኝ ማለት ነው። በዚህች ሃያ ደቂቃ፣ በሰባት ወር ውስጥ፣ ሦስት መጻሕፍትና ሁለት ገጽ አንብቤያለሁ። ያለ እርስዎ እርዳታ ንባቤ ይህን መልክ ባልያዘ ነበርና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. የመጀመሪያው ምስጋናዬ «የተቆለፈው መድኃኒት ቤት» ስለሚባለው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። አንድ ፋርማሲስት ከውስጥ በተቆለፈ መድኃኒት ቤቱ ሞቶ ይገኛል፤ ወንድሙ፣ ሸሪኩ፣ ጸሐፊውና ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ይጠረጠራሉ። መርማሪዋ ጡረታ የወጣች፣ ጥርሷን የሚያማት ሴት ናት፤ ጥርሷ በጠዘጠዛት ቁጥር አንድ ነገር ይገባታል። ይህን ወድጄዋለሁ፤ መርማሪ ሁሉ ጤነኛና መልከ መልካም ይሁን ያለው ማን ነው? የልብስ ሰፊው ምዕራፍ ግን ረዝሟል። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስትሸጥ የዋለች ልጅ ስለ ዚፕ ዓይነት ሰባት ገጽ ማንበብ አያምራትም።

ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ የመጨረሻው ገጽ፣ ገጽ 212 ላይ ደረስኩ። መርማሪዋ ሁሉንም ሰብስባ፣ ጣቷን ቀስራ፣ «ገዳዩ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው የንባብ ቤታችን ክብ ማኅተም ነው። በየመጽሐፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ላይ ማኅተም እንዲያርፍ መመሪያው እንደሚያዝ አውቃለሁ። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ወረቀት እያለ፣ ማኅተሙን ልክ ስሙ ላይ ማሳረፍ ግን መመሪያ ብቻውን የሚያስችለው ነገር አይደለም፤ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ሐምራዊው ቀለም በጣም ከመጥገቡ የተነሣ አንዲት ፊደል እንኳ አያሾልክም። መጽሐፉ እንዳይሰረቅ ነው ይሉኝ ይሆናል። ማን ይሰርቀዋል? መጨረሻ የለውም እኮ።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ «የጨው ንግሥት» ስለተባለው ባለ ሦስት ቅጽ የአስማት ታሪክ ነው። አንደኛው ቅጽ ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሁለተኛው ከአሥራ አንድ ቀን ፍለጋ በኋላ ምግብ ዝግጅት ውስጥ፣ በዶሮ ወጥ አሠራርና በኬክ መካከል ተገኘ። ሦስተኛው እስካሁን አልተገኘም፤ ከማዕድን መጻሕፍት መካከል ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ የቀረኝ ስለ ደም ግፊት የተጻፉት ናቸው።

ስለ ታሪኩ ሐሳቤን ልስጥ ካሉኝ፣ ንግሥቲቱ ነፋስን ታዛለች፣ በየሁለት ገጹም ንግግር ታደርጋለች፤ ነፋሱ የሚታዘዛት ንግግሯ ሰልችቶት ይመስለኛል። እኔ የወደድኩት ታናሽ እህቷን ነው። እሷ ሰው ሲያያት መሰወር ትችላለች፤ ይህን አስማት ለመማር ዘጠኝ ዓመት ዋሻ ውስጥ ተቀምጣለች። ምስኪን! እርስዎ አንባቢ በሚያስተናግዱበት መስኮት ፊት ብትቆም በአንድ ቀን ይሳካላት ነበር።

3. ሦስተኛው ስለ ጥንት የሲራራ ነጋዴዎች የሚተርከው ባለ ቆዳ ሽፋን የታሪክ መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ ለእንግዳ እንዲታይ ቁልፍ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ገጽ 112 እና 113 ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሁለቱን ገጾች ቆሜ ስላነበብኳቸው አሁን በቃሌ እላቸዋለሁ። እንደ ትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፍ የሹም ስም አይደረድርም፤ ግመል ነጂዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ጫማቸው በየት በኩል ይቀደድ እንደነበር ይናገራል። ካነበብኩት ታሪክ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ ሁለት ገጽ ብቻ ቢሆንም።

በገጽ 113 መጨረሻ ላይ የጉምሩክ ሹሙ የውሃ ጉድጓዱን ይቆልፍባቸዋል። ከዚያም «ግመል ነጂዎቹ ተሰብስበው ለሹሙ እንዲህ ሲሉ ጻፉለት፦» ይላል። ምን ብለው እንደጻፉለት ያለው ገጽ 114 ላይ ነው። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ በለጠች መስታወቱን ሲወለውሉ አንዲት ገጽ ብቻ እንዲገልጡልኝ በጆሯቸው ለመንኳቸው። «አቦ አንቺ ልጅ! ቁልፉን ከየት አባቴ ላምጣልሽ? እኔ እንደሆንኩ የላይ የላዩን አቧራ ነው የማነሣው» አሉኝ። እናም ለሹም ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ሳልማር ቀረሁ። በዚህኛው ላይ ስሕተት ቢያገኙ የገጽ 114 ጥፋት ነው።

4. አራተኛው ምስጋና አይደለም። በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ከሰኞ ኅዳር 15 ጀምሮ ካርድ የሌለው አንባቢ እንደማይገባ ይናገራል። ካርድ የሚሰጠው የተማሪ ወይም የሥራ መታወቂያ ላለው ነው፤ እኔ ሁለቱም የለኝም። ከሥሩ ግን በትንንሽ ፊደል፣ ኃላፊው በግል የሚያውቁት አንባቢ ያለ መታወቂያ ካርድ ሊያገኝ እንደሚችል ተጽፏል። ይህን አንብቤ ባለፈው ሳምንት መስኮትዎ ጋ መጣሁ። ድምፄ አልወጣ አለኝ። እርስዎም ከመነጽርዎ በላይ አየት አድርገውኝ፣ «የማን ልጅ ነሽ? አላውቅሽም የኔ ልጅ» አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ በየቀኑ ደወልዎን ጆሮዬ ሥር ነው የሚደውሉት። ላስቸግርዎ ስላልፈለግኩ ሄድኩ።

ለእናቴ ስነግራት፣ «ወላሂ አንቺስ! "ሱሀይራ ነኝ" ማለት ስንት ኪሎ ይመዝናል?» አለችኝ። እሷ አታውቅም፤ ብዙ ይመዝናል።

ካርድ ያለው መጽሐፍ መዋስም ይችላልና፣ ቢኖረኝ መጽሐፉን ቤት ወስጄ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አነባለሁ። ከሌለኝ ከሰኞ ጀምሮ ሃያ ደቂቃዋም ትቀርብኛለች። እዚህ ላይ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የማኅተምዎ ቀለም ሳይደርቅ፣ ደወልዎ ሳይሰነጠቅ፣ የመስታወት ሣጥንዎም ቁልፍ ሳይጠፋ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

በታላቅ አክብሮትና በማይሰማ ድምፅ፣
የማያውቋት አንባቢዎ
ሱሀይራ ኻሊፍ
ከማዕዘኑ ወንበር

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለእትዬ በለጠች፣ አቧራ ሲያነሡ እንዲያነቡት

ማስታወሻ፦ እርስዎ አላውቅሽም ብለውኛል፤ እኔ ግን እርስዎን በደንብ አውቅዎታለሁ። ማኅተም ከመምታትዎ ብዛት የቀኝ አውራ ጣትዎ ሁልጊዜ ሐምራዊ ነው። «የተቆለፈው መድኃኒት ቤት» ውስጥ ከገጽ 1 እስከ ገጽ 211፣ በእያንዳንዱ ቅጠል ጥግ ላይ ያ ሐምራዊ አውራ ጣት አለ። ገጽ 212 ላይ ደግሞ ማኅተሙ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። ሳያነቡ ማኅተሙን መቱ፤ ከዚያ አነበቡ፤ ከዚያ እንደ እኔው ቀሩ። አይዞዎት፣ እኔ ጥርሴን እንኳ ሳያመኝ ገዳዩን ደርሼበታለሁ፤ ፍንጩ ገጽ 64 ላይ ነው። ሌሎች አንባቢዎች ስላሉ እዚህ አልጽፈውም። ነገ ረቡዕ፣ ስድስት ከአሥር ላይ፣ መስኮትዎ ፊት ቆሜ ሁለት ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር ወስኛለሁ። መጀመሪያ የራሴን፣ ካርዴ ላይ ማኅተም ካረፈ በኋላ ደግሞ የገዳዩን። ሲመቱት ብቻ፣ እባክዎ፣ ስሜ ላይ አይምቱት።