መርዶ አርጂው ባሌ ሆይ፣ እኔን ማን ያርዳኝ?

የአስናቀ አባት፣ እንዴት ከረምህ? እነሆ ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። ዛሬ ቄሶቹ ፍትሐትህን አድርሰው፣ የመጣውም ሰው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። እኔም ድንኳኑ ፈርሶ ሳያልቅ ጓዳ ገብቼ ይኸን እጽፍልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህ፤ እንግዲህ ብትወደውም ባትወደውም ቻለው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ድንች ዘንድሮ ውርጭ መታብኝ። መጽሐፎችህ አልጋ ሥር በካርቶን ተቀምጠው አይጥ ጀምሯቸዋል። ምን ላድርግ ብለህ ነው? ባለሥልጣኖቹ አንዲት ገጽ ካልገለጡ አይጥ እንኳ ይግለጣቸው ብዬ ተውሁት።

በቀብርህ ዕለት ግን ማን ቀረ? ስብሰባ ላይ ተነሥተህ፣ ልጁ የሞተበት ሰው ይነገረው ስትል ማይክሮፎኑን ያጠፉብህ ሰዎች፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ከፊት ተቀመጡ። የሕይወት ታሪክህንም አነበቡት። ጀግና አሉህ፣ ደራሲ አሉህ፣ የችግረኞች አባት አሉህ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባል የለ? ያንተም ባንድ ቀን ረዘመ። አደራ ጥይት እንዳይተኮስብኝ ብለህ ነበር፤ አስከሬንህ ላይ አንጣጡት። ለዓመትህ ደግሞ ፎቶህን ፈለጉ፤ ክራንችህ የማይታይበት ይሁን አሉ። እልህ ያዘኝና ክራንች ያለበትን ሰጠኋቸው። ከወገብህ በታች ቆርጠው ለጠፉት። አንዱን እግርህን ጦርነት ወሰደው፣ የቀረህን እነሱ ወሰዱት።

ዋናውን ሥራህን ግን አንድም ቃል አላነሡትም። ጦሩ ተበትኖ ባንድ እግርህ ደብረ ታቦር ስትገባ፣ አጠገብህ የወደቁትን ልጆች ወላጆች እየፈለግህ ማርዳት ጀመርህ። ላካቸው እንጂ መሞታቸውን የነገረ መንግሥት አልነበረም። ሚስቶቻቸው አላዘኑ፣ አላገቡ፤ እንዲሁ ተንጠልጥለው ቀርተው ነበር። አንተ ለዚያ ነበር ስትለፋ፣ ቆላው ግን ቁራ ብሎ ስም አወጣልህ። ክራንችህን ከሩቅ ያየች እናት ሁሉ እጇን በራሷ ላይ ታደርግ ነበር። እኔ ስበሳጭ አንተ ትስቃለህ። አሁንም ያበሳጨኛል።

እብናት አንዲት እናት ልታረዳ የሄድህ ጊዜ አብሬህ ነበርሁ። ገና ሙሽራ ነኝ፣ ምን እንዳስከተለኝ እንጃ። መርዶ በገበያ አይነገርም፣ በመንገድም አይጣልም አልኸኝ። ቄሱንና ዘመዶቿን ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ ገባን። እናትዮዋ በያዘችው ዱላ ትከሻህን አቀመሰችህ፤ ቆመህ ተመታህላት። ሲደክማት ተቀመጠችና፣ ልጄ ሲሞት ርቦት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችህ። ኮቾሮ ነበረን፣ ያንን የወታደር ብስኩት በልቶ ጠግቦ ነበር አልሃት። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ተቀመጥህና እንደ ሕፃን አለቀስህ። ለካ ስንት ቀን እህል ባፋችሁ አልዞረም ኖሯል! ስትዋሽ የሰማሁህ ያን ቀን ብቻ ነው። መጻፍ የጀመርኸውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ቁስል ልምጣ። ይኸ የአሁኑ ጦርነት ሲነሣ፣ የአባቱን መጽሐፍ በቃሉ የሚወጣው ልጃችን አስናቀ፣ እኩዮቼ ሄደው እኔ ምን ብዬ እቀራለሁ ብሎ ሄደ። ለመንኸው፣ ተቆጣኸው፣ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀረህም። ሄደና ድምፁ ጠፋ። በክራንችህ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትህ። ነገ ና አሉህ፤ መረጃ የለም አሉህ። የስንቱን ቤት ያረዳህ ሰው የገዛ ልጅህ የደረሰበትን ሳታውቅ ልብህ ቀጥ አለች። ሐኪሙ የልብ ሕመም ነው አለ። የቢሮ ሕመም ነው እላለሁ እኔ።

አንተ ከሄድህ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ባለሱቁ ሰይድ ዘንድ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ከአስናቀ ጋር የዘመተው የጋፋት መንደር ልጅ ተመልሷል፤ ገና ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እናቱ ዓይኔን ሳታይ ጤፍ ትልክልኛለች። እኔ ጤፍ ጠየቅኋት? አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ከእኔ ብቻ ተሸሸገ። ቢቸግረኝ ቤታቸው ሄድሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እናቱ፣ የባልሽ ዓመት ይውጣ፣ ሐዘን በሐዘን ላይ አይደረብም አለችኝ።

ትናንት ደግሞ የንስሐ አባታችን መጥተው፣ ለፍትሐቱ ከአንተ ጋር የሚጠራ ስም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ። ለሕያው ፍትሐት አይደረግ፣ ሙት ያለ ፍትሐት አይተው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእናት ይጠየቃል? የልጄን ስም ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ አልኋቸው። እሺ ልጄ አሉ፤ ድምፃቸው ግን አላማረኝም።

ይኸው ዓመትህ ወጣ። ያንን ሁሉ አውቀህ ስትጽፍ፣ እናት ሳትነገር አትቅር ስትል፣ የገዛ ሚስትህ ዕጣ ይኸ ይሆናል ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ተናድጄብሃለሁ፣ የአስናቀ አባት። ቀድመኸኝ ሄደህ ለእነዚህ አንገት ደፊዎች ተውኸኝ። አንተን መርሳት ግን አልችልበትም፤ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ስምህ ከአፌ አይለይም።

ነገ ጎህ ሲቀድ ቄሱን አስቀድመው በሬን የሚያንኳኩ ይመስለኛል። ልጃችን አንተ ዘንድ መጥቶ ከሆነ፣ ዛሬ በሕልሜ ናና አንተው አርዳኝ፤ ከአንተ አፍ ከሆነ እችለዋለሁ። ዝም ካልኸኝ ግን ልጄ አለ ማለት ነው፤ ቢያንኳኩም አልከፍትላቸውም።