ያሳጠርኩብሽ መንገድ

ውድ ሃሪየት፣

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ላንቺ የጀመርኩትን ደብዳቤ ስቀድ ኖሬአለሁ። ይኸኛውን ሳልቀድ ፖስታ ቤት ላደርሰው ነው። የምነግርሽ ስለ ወንድምሽ ስለ ኤሞሪ ነው፤ አንብበሽ ብትረግሚኝም አይከፋኝም።

እናታችሁ የታመሙበትን የሰማንያ ስድስቱን ማርች አስታውሺ። ሐሙስ ጠዋት ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የኮሌጁን ኮምፒውተሮች ወደምጠብቅበት ምድር ቤት ወረድሽ። ሐኪሙ ከእሑድ አያልፉም ብሎሻል፤ ኤሞሪ ቶሎ እንዲመጣ መልእክት ልትልኪበት ነው። ኤሞሪ ከእናታችሁ ተጣልቶ ምዕራብ ጠረፍ ኦሪገን ከገባ ወዲህ የቤተሰብ ስልክ አያነሳም፤ በሥራ ቦታው ኮምፒውተር የሚመጣለትን መልእክት ግን በየጠዋቱ ያነባል። ያን ጊዜ የሰውየውን አድራሻ ማወቅ ብቻ አይበቃም ነበር። ማሽኖቹ መልእክቱን በስልክ እየተቀባበሉ የሚያሳልፉበትን መንገድ በቅደም ተከተል የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው። አንቺም የሰባት ማሽኖችን ስም በቃለ አጋኖ ምልክት አያይዘሽ፣ በካታሎግ ካርድ ላይ ጽፈሽ መጣሽ።

«ይሄ አድራሻ ነው ወይስ የዘር ሐረግ?» አልኩሽ።

«ለስተር፣ አሁን አትቀልድብኝ። ኤሞሪ ራሱ ነው ያጻፈኝ፤ አንዷንም እንዳትነካ!»

እኔ አልነካሁም። ፕሮግራሜ ግን ነካ። በዚያው ሰሞን የጫንኩት ነበር፤ ላኪው የጻፈውን መንገድ ትቶ ከማሽኖቹ የግንኙነት ካርታ ላይ አጭሩን ይመርጣል። ከባለቤቱ በላይ አውቃለሁ ባይ ነገር። እንዴት ኮርቼበት ነበር! ሰባቱን ማሽን ሦስት አደረጋቸው። መካከለኛዋ ወደ ምዕራብ የምትደውለው እሑድ እሑድ ብቻ መሆኑ ካርታው ላይ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ኤሞሪ ያውቅ ነበር፤ ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደሽ ለዚህ ነው።

እናታችሁ ቅዳሜ አረፉ።

ረቡዕ ከቀብር መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የካም ሳንድዊች ይዘን ቆመን ሳለ ኤሞሪ ወዳንቺ ቀርቦ በቁልምጫ ስምሽ ጠራሽ።

«ሃቲ፣ እመኚኝ፣ መልእክትሽን ያየሁት ሰኞ ጠዋት ነው» አለሽ።

ወደ እኔ ዞርሽ። «ለስተር፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ኦሪገን ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ማክሰኞ የመካከለኛዋን ማሽን መዝገብ አስልኬ አይቼ ነበር። መልእክትሽ ሦስት ቀን የት ተኝቶ እንደከረመ አውቄአለሁ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ግን እውነቱን ደበቅኩ። «ቢበዛ አንድ ቀን» አልኩሽ።

«ሰማህ አይደል? ውሸታም! ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልሽው። እሱም ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ።

ፈሪ ነበርኩ፣ ሃሪየት። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ብቻ አይደለም፤ አንቺ እንዳትጠይኝ ፈራሁ።

ዛሬ የሰውየው ስምና ቦታው ከተጻፈ መንገዱን ማሽኖቹ ራሳቸው ይፈልጉታል፤ ማንም አያስብበትም። እኔ ግን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። የመዝገቡን ገጽ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ኤሞሪ አልዋሸሽም።

ባለፈው ሳምንት ለእሱም ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«እማዬ ስሜን ጠርታ ነበር?»

አላውቅም አልኩት። አልጋቸው አጠገብ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ይቅርታሽን ለመጠየቅ እንኳ የሚያፍር፣
ለስተር