አክስታችን ሸርጣን በላች

ይድረስ መልስ መጻፍ ለማይሆንለት ወንድሜ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን።

ከስንት ዓመት በኋላ አክስታችን መጣች። እማዬ ለእህቷ የምታደርገው ጠፍቷት ትልቅ ዓሣ ጠበሰች፤ እኔም ለራሳችን ሸርጣን ቀቀልኩ። ሸርጣኑን ከአክስታችን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ በምርቃትህ ቀን መረቁን ብቻ ቀምሳ ፊቷ አብጦ ሐኪም ቤት ያደረስናት ትዝ ይልሃል መቼም።

እሷ ግን ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና አራቱን ከነቅርፊታቸው ቆረጣጥማ በላች። ምንም አልሆነችም።

«አይስማማሽም አልነበር እንዴ?» ብላት፣ «ማን አለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እማዬ «ዕድሜ የማይለውጠው የለም» አለችና ቀና ሳትል ሳህን ማንሳት ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ እኔ ክፍል ነው የምትተኛው። ወገቤን አሞኝ ነው ትላለች፤ በሩን ግን ሁለቴ ትቆልፋለች።

ትናንት አክስታችን አድራሻህን ጠየቀችኝ፤ «ልጄን ሳላየው አልሄድም» አለች። ጠፋብኝ አልኳት። ዛሬ ከሥራ ስመለስ መሳቢያዬ ተከፍቷል፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ ሄዳለች።

በል ደህና ሁንልኝ፤ እማዬም ትስምሃለች። አክስታችን እዚያ ብቅ ካለች፣ በሩን ከመክፈትህ በፊት ሸርጣን ትወድ እንደሆነ ጠይቃት።

ለፍላፊዋ እህትህ