ትልቋ መርከብ ላይ አንድ አልጋ

ኅዳር 3
የአሮጌዋን መርከብ ሽቦ ስጎትት ዋልኩ። ነገ ወደ ባሕር ትወጣለች። እኔ እንደ ልማዴ ከወደቡ ሆኜ እጄን አውለበልባለሁ። ስድስት ዓመት መብራቷን ጠገንኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አብሬያት አልወጣሁም። አለቃ ዛሬም ያችኑ፦ "ምን ላርግሽ የኔ ልጅ? ሠላሳ ወንድ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ ነው የሚያድረው። አንቺን የት ላስተኛሽ?" እውነቱን ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ታኅሣሥ 20
አዲሷ መጣች። ፍሪጌት ናት አሉን፤ ከዲስትሮየር የምታንስ የጦር መርከብ ማለት ነው። ምኗ ነው ፍሪጌት? የድሮ ዲስትሮየር አጠገቧ ቢቆም ልጇ ይመስላል። አፍንጫዋ ከወደቡ ግንብ አልፎ ወጥቷል።
"ስም እያሳነሱ ሆድ ማስፋት" አለ ቀውላላው፣ የሥራ ጓደኛዬ። በአሮጌዋ በር ግንባሩን ያልገጨበት ቀን የለም። ዛሬ ጣሪያው ከራሱ አንድ ክንድ ርቆ ሳለ ጎንበስ ጎንበስ እያለ ሄደ... ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።
ከዚያ መኝታ ክፍሎቹን አየሁ። ባለ አራት አልጋ። በራቸው ይቆለፋል። ለሴትም ቦታ አለ ማለት ነው!

ታኅሣሥ 22
"ቦታማ ሞልቷል" አለ አለቃ። "የተቀነሰው ሰው ነው። መርከቧ እጥፍ፣ ሠራተኛው ግማሽ። ሌላውን ማሽን ይሠራዋል።"
ጉድ እኮ ነው። ስትጠብ ቦታ የለም፤ ስትሰፋ ሰው አይፈለግም። ለእኔ የምትሆነው የትኛዋ ናት? እማዬ "ከብረት ጋር ኩርፊያ" ብላ ሳቀችብኝ። አለቀስኩ።

ጥር 8
ለሙከራ ራዳሩን ሲያበሩት ወጥ ቤቱ ጨለመ። ደግመው ሲያበሩት ደግሞ ጨለመ። ለካ ያ ሁሉ ግዝፈት ለሰው ምቾት አይደለም፤ ለራዳሩ፣ ለሚሳኤሉ፣ ለጄኔሬተሩ ነው። የመብራት ጅብ ናት። ከቀውላላው ጋር ስንሯሯጥ ውለን የኤሌክትሪኩን ጭነት አከፋፈልነው።
"ባሕር ላይ እንዲህ ብታደርገንስ?" አለ አለቃ፣ ለራሱ።
"ታዲያ የሚጠግን ማን አለ እዚያ?" አልኩት ቶሎ ብዬ።
ወደ ራዳሩ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ፣ "እስቲ ልጠይቅልሽ።"
እስቲ... ይህችን ቃል ይዤ እንዴት ይነጋልኛል?

ጥር 19
ተፈቀደ! ቁጥሩ የጨመረው የመብራት ሠራተኛ ብቻ ነው አሉ። ሁለት ሴቶች ነን፤ ሌላዋ የራዳር ባለሙያ ናት። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ትልቅ ናት፣ አትናወጥም አይደል?"
"ኧረ እንደ ቤት ናት እማዬ።"

የካቲት 2
ውሸቴን ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ። ባሕሩ ትልቅ ነሽ ትንሽ ነሽ አይልም። አለቃ በበሩ ብቅ ብሎ፣ "የሚመለስ ጀልባ አለ። ልላክሽ?" አለኝ።
"አልጋዬን ለማን ትቼ?" አልኩት ባልዲውን አቅፌ። ሳቀ።
እንዲህ ታምሜ አላውቅም። እንዲህ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛ ነኝ... ልነሳ።