የሙገር መንገድ ሰላም ነው

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ባሌ ለገና ልጆቹን ይዘን ሙገር ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን እንሰንብት ብሎ ቆርጧል። በዚያ መንገድ ሽፍታ አለ የሚባለው ወሬ ግን አሳስቦታል መሰለኝ፣ ዛሬ ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ከዚያው ሲመለሱ ደጅ ላይ አገኛቸውና፣ "አካም ጅርቱ ኦቦ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" አላቸው።

"ነጋ ዳ፤ ሰላም ነው፣ ተመስገን" አሉት።

"ይኸው ሰማሽ!" ብሎኝ ዕቃ ሊሸክፍ ገባ። የአዲስ አበባ ልጅ ምን ያውቃል! እኔ ባደግሁበት በዚህ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ ሰላም ነው ይላል። ክፉ ወሬ የሚወጣው አረፍ ከተባለ በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ከኋላቸው የሚጎትቱትን በቅሎ አየሁ። የታናሽ ወንድማቸው በቅሎ ነው። አብረው ነበር የወረዱት፤ ኮርቻው ግን ባዶ ነው። በርጩማ አወጣሁላቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው።

"ወንድምዎስ፣ ኦቦ?"

ውሃውን ሳይጠጡ ከነጣሳው መለሱልኝ። "ልጆቹን እዚያ አታውርጃቸው፣ ልጄ" ብለው ተነሡ።

ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። "ወንድምየው ዘመድ ቤት ቀርቶ ይሆናል" አለኝ ድንኳኑን እያጠፈ። "ካላመንሽ ነገ በመንገድ የምናገኘውን ሰው ሁሉ እየጠየቅን እንሄዳለን።"

ይጠይቅ። ሁሉም ሰላም ነው ይሉታል።