ከጉንጬ የወደቀው ክትባት

ሰኞ

ከሲስተር ሰላም ፊት ተነሥቼ የወጣሁት «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚል ምልክት በእጄ አሳይቼ ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከዚህም ይብሳል።

ባለፈው ወር የወርቅ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ በመርፌ ሲከተቡ፣ እኔ ተራዬ ሳይደርስ ከሰልፉ ወጣሁ። ለአሠሪዬ ለጋሽ ታደለ ግን ክንዴን እያሻሸሁ «ተከትቤአለሁ» አልኋቸው። ስለዚህ ያለ መርፌ የሚሰጥ ክትባት በአንድ ክሊኒክ እየተሞከረ መሆኑን ስሰማ፣ ዛሬ ጧት ተደብቄ ወደ አራት ኪሎ ሄድሁ። ነርሷ ሲስተር ሰላም ስለ ጤናዬ ብዙ ጠየቀችኝ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወደዚህ ሙከራ እንደማይገባም ነገረችኝ። ከዚያ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ነገር በጉንጬ ውስጥ ለጠፈችልኝ። እየሟሟ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል አለች። «እስኪያልቅ ድረስ አትብላ፣ አትጠጣ፣ ከወንበርህም አትነሣ።»

ወዲያው ብሩክ ደወለ። እርሱ የሥራ ባልደረባዬ፣ የአራዳ ልጅ ነው። «ሞልዬ፣ የት ገባህ? ቀለበቱን የሚወስዱት የሙሽራዋ ዘመዶች ባንኮኒው ላይ ተኝተዋል። ጋሼ አንተን ቢያጡ እኔን ሊበሉኝ ነው!»

ሮጥሁ።

እሳቱን ወደ ወርቁ የምንመራው በአፍ በምትነፋ ቀጭን የናስ ቱቦ ነው። ቱቦዋ የጋሽ ታደለ አባት የነበረች ስለሆነች፣ ጋሼ ከሚያምኑት ሰው በቀር ለማንም አያስነኩም። ለእኔ ከፈቀዱልኝ ገና ብዙ አልቆየም። ጉንጬን ወጥሬ ነፋሁ፣ ቀለበቱን በየድሁ። ጋሼ «ፈርጡ የሚቀመጥበትን እኔ ልጨርሰው» ብለው ቱቦዋን ከእጄ ወሰዱና አፋቸው ውስጥ አደረጉ። በዚያች ቅጽበት ምላሴ ጉንጬን ዳሰሰ። ባዶ ነበር፤ ክትባቱ ከቱቦዋ ጋር ሄዷል።

«ምን ቀባችሁበት? ይጣፍጣል» አሉ።

«ሞላ ማስቲካውን አውርሶዎት ነው፤ ይዋጡት ጋሼ፣ ነጻ ነው!» አለ ብሩክ። ሁሉም ሳቁ።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ማስቲካ ነው።»

ጋሽ ታደለ ለብዙ ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ሳነብ ዋልሁ። ቀልተዋል፤ ከእሳቱ ይሆናል። ውኃ ደጋግመው ጠጡ፤ ሁልጊዜም ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ አስነጠሱ። ከንፈራቸው ያበጠ መሰለኝ፤ ቀረብ ብዬ ሳየው አላበጠም።

«ዛሬ ደግሞ ጋሼን እንደ ሙሽራ ታያቸዋለህ፤ ልትድራቸው ነው?» አለኝ ብሩክ።

ሲስተር ሰላም ደወለች። ለምን ጥዬ እንደሄድሁ ጠየቀችኝ። «ቤቴ ሄጄ ተቀመጥሁ፤ በደንብ ሟሟ» አልኋት። አመሰገነችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ



እኩለ ቀን ላይ ጋሼ የሥራ ጠረጴዛውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ላብ አጠመቃቸው፣ ንግግራቸውም ተሳሰረ። ብሩክ ለስላሳ መጠጥ ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ራሳቸውን ደግፌ ቆምሁ። አፌን ከፍቼ «ጋሼ፣ ሰኞ ዕለት…» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። በታክሲ ወደ ቤታቸው ሲወስዷቸው እንኳ በሩን ዘጋሁላቸው እንጂ አልተናገርሁም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ሰቆጣ ወዳለው ትምህርት ቤታችን መጡ። በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ። ልጆቹ ስለሳቁብኝ ተመልሼ አልገባሁም፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ማታ ሠራተኛ ሰፈር፣ እስከ ጋሼ ደጅ ድረስ ሄድሁ። ሳላንኳኳ ተመለስሁ።

ሐሙስ

ዛሬ አንኳኳሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አስገቡኝ። ጋሼ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ገንፎ ይበላሉ።

«ጋሼ፣ የሰኞው ማስቲካ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«ክትባት ነው። ከእኔ አፍ የወደቀ።»

እትዬ ዘነበች «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጡ። «ከነብሩክ ጋር ተከትቤአለሁ አላልኸኝም?»

«መርፌ ፈርቼ ነው።»

«እኔ በየጧቱ ሆዴን የምወጋው ደፍሬ ይመስልሃል? በየጧቱ እፈራለሁ። እርሱን አልቆጥርብህም። ትናንት እንደዚያ ስሆን ራሴን ደግፈህ ዝም ያልኸውን ግን… ምን ልበልህ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ተነሥ። ክትባቱን የሰጡህ ዘንድ ውሰደኝ» አሉ። እትዬ ዘነበችም ነጠላቸውን ደርበው ተከተሉን።

ሲስተር ሰላም ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ሐኪሙን ጠራች። ስኳራቸውን ለኩ፣ አፋቸውን በመብራት አዩ። የረቡዕን ነገር ሲጠይቋቸው ጋሼ አቀረቀሩ፤ መርፌያቸውን ወስደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ ኖሯል። «ስንት ጊዜ ነገርሁህ!» አሉ እትዬ ዘነበች። ሐኪሙ የጣላቸው ያ ሳይሆን አይቀርም አለ። ልቤ ትንሽ አረፈች። ሲስተር ሰላም ግን እንዲህ አለች፦ «ክትባቱን ስኳር ባለበት ሰው ላይ አልሞከርነውም፤ ምንም አይሆኑም ብዬ አልዋሽዎትም አባባ። እየተመላለሱ ይታዩ።»

ወደ እኔ ዞረች። ከሙከራው ወጥቻለሁ። «ያንተን ቃል ይዘን ለስንት ሕፃን ልንሰጠው ነበር?» አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ቢሆንም በኮሪደሩ የተቀመጡት ሁሉ የሰሙ መሰለኝ።

ዓርብ

ብሩክ ነገሩን ሰምቷል። «ጋሼ፣ ቀጣዩን ክትባት በማኪያቶ ያድርጉልዎ?» አለ። ማንም አልሳቀም። እርሱም አፍሮ ወደ ሥራው ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ለምርመራ ሲሄዱ ሳልጠራ ተከተልኋቸው። አልከለከሉኝም፣ አላናገሩኝምም። ስኳራቸው ደኅና ነው፤ አፋቸውም ንጹሕ ነው። ገና በሚቀጥለው ሳምንትም መታየት አለባቸው ተብለናል።

ስንመለስ ታክሲ እምቢ አሉ። በእግር ወረድን። ራስ መኮንን ድልድይ ስንደርስ ሰዉ ብዙ ስለነበር ወደ ኋላቸው ቀረሁ። ወደ ፒያሳ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር ቆሙ፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ልደግፋቸው ፈለግሁ፣ ግን በየትኛው ፊቴ? ቆሜ ቀረሁ። እርሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ያዙ።

«ቀስ እያልህ» አሉኝ።

ይቅርታ ይሁን ድካም አላውቅም። አልጠየቅሁም። እርምጃዬን አሳጠርሁ፤ ዳገቱን አብረን ወጣን።