ማክሰኞ ጠዋት የሰጠሁህ ክኒን

ውድ ክላይቭ፣

ከሞትክ አራት ወር ሆኖሃል፣ እኔ ግን ይሄን ከልጃችን ሌላ ለማንም ከመናገሬ በፊት ላንተ ልጽፈው ፈለግሁ።

የልብ ምርመራውን ወረቀት ሁለታችንም አንብበነዋል። የልብ ምት የሚያዘገየውን ክኒን ከምርመራው ሁለት ቀን ቀድመህ አቁም ይላል። እሁድንና ሰኞን ያለሱ ዋልክ። ማክሰኞ ጠዋት ልንነሳ ስንል የበጎቹን በር ዘግተህ ሳትጨርስ ደረትህን ይዘህ አጥሩን ተደገፍክ። ፊትህ አመድ መሰለ። ሆስፒታሉ እስካለበት እስከ አድሌድ ከተማ አምስት ሰዓት መንገድ ነው፣ በመሀል ሐኪም የለም፣ ስልክም አይሠራም። ፈራሁ። ክኒኑን ሰጠሁህ፣ ዋጥከው።

አድሌድ ስንደርስ ዶክተር ፐሬራ፣ ያ ልጅ እግሩ ሐኪም፣ ክኒኑን ማቆምህን ሲጠይቅ አንተ እኔን አየኸኝ። ወስዷል ብል ይመልሱናል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ የበጎቹ ጠጉር ሸለታ ወቅት ደግሞ ደርሷል። "አቁሟል" አልኩ።

መሮጫው ማሽን ላይ ሆነህ፣ "ይሄን ሁሉ ሮጬ አንዲት በግ እንኳ አልያዝኩም" ብለህ ነርሷን አሳቅካት። ሐኪሙ አልሳቀም። የልብህ ምት እንደፈለገው አልፈጠነለትም። ወደ እኔ መጣ።

"እርግጠኛ ነዎት? ክኒኑ በደሙ ውስጥ ካለ ልቡ በደንብ አይለፋም። ልቡ ደም የሚያጥረው ቢሆን እንኳ የልቡ ፎቶ ላይ ላይታየኝ ይችላል።"

ዓይኑን እያየሁ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

ፎቶው ንጹህ ወጣ። ቤት እስክንደርስ ስትዘፍን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ በጉን በጉልበቶችህ መሀል እንደያዝክ ሸለታ ቤቱ ውስጥ ወድቀህ በዚያው ቀረህ።

ልጃችን ብሮንዊን ሐኪሙን ከሰሰችው። ፈቃዱን ካላስነጠቅኩት ትላለች፣ እኔ ዝም ብዬ እራት አቀርብላታለሁ። ሰውዬው ከሥራ ታግዷል። ትናንት ከእሱ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለቴ ጠይቄ ነበር፣ ሦስተኛም መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። ያሳይህ ክላይቭ፣ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ።

ዛሬ ጠዋት ለብሮንዊን ነገርኳት።

"ለማንም እንዳትናገሪ፣ እማዬ" አለችኝ። "እሱ ሐኪም ነው፣ ሌላ አገር ሄዶ ይሠራል። አንቺ ግን እዚሁ ነው የምትኖሪው።"

ካንተ በኋላ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ብናገር የምታኮርፈኝ ለዘላለም እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ግን ሐኪሙን ላገዱት ሰዎች እውነቱን ልነግራቸው ራሴ መኪና ነድቼ አድሌድ እሄዳለሁ።

ያንተዋ ሞይራ